የዳልቻ ሽንት፣ የቤቱ ጭንቀት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ዳልቻ የሚባል አምስት ዓመት የሆነው ወንድ ድመት አለኝ። አልተኮላሸም። ኮምቦልቻ እያለን ምንም አልነበረበትም። ባለፈው ዓመት ቤት ቀይረን ደሴ ስንገባ ሽንቱ ያስቸግረው ጀመር። የሚሸናበት የአሸዋ ሳፋ ውስጥ ይገባል፣ ያምጣል፣ ጠብ የምትለው ግን ትንሽ ናት። አንዳንዴ ደም አለባት። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ አንቲባዮቲክ መርፌ ተወጋ፣ በሳምንቱ ተሻለው። ከዚያ ወንድሜ ከነቤተሰቡ እኛ ጋ ሲገባ የነሱ ሴት ድመትም አብራ መጣች። ዳልቻም እንደገና ታመመ። አሁን ሥራችን መርፌ፣ መዳን፣ መመለስ ሆኗል።

ሳፋውን መታጠቢያ ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት። አሸዋውን እቀይርለታለሁ። እሱ ግን የእናቴ መስገጃ ላይ ይሸናል። እናቴ ትወደዋለች፣ ግን አሁን መሯታል። አከራያችን ደግሞ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ሰኞ ገበያ ወስዳችሁ ልቀቁት" ትለናለች። ቂም ይዞብን ነው? ይድናል ወይስ አይድንም? እባክዎ ይንገሩኝ።

የዳልቻ እናት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ሌላውን ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ እወቂልኝ። ዳልቻ ወንድ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ቀጭን ነው፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ የባሰ ይጠባል። ፊኛው ሲቆጣ ንፍጥ መሰል ነገርና ደቃቅ ክሪስታል ተጋግሮ ይህን ቱቦ ሊደፍነው ይችላል። ትንሽ ትንሽም ቢሆን ጠብ የሚለው ከሆነ ታሟል፤ ተረጋግተሽ ሐኪም ጋ ትወስጂዋለሽ። ምንም ካልወጣው ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ቱቦው የተዘጋ ድመት በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሽንት መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ያቆማል።

ምልክቱን ልንገርሽ። ደጋግሞ ሳፋው ውስጥ ይገባል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ አሸዋው ግን ደረቅ ነው። ከዚያ ያስመልሰዋል። ምግብ ይተዋል። ጥግ ይዞ ይፈዛል። ብዙ ሰው ሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት ያጠጣና እስኪነጋ ይጠብቃል። አትጠብቂ። ሆዱን ተጭነሽ ሽንቱን ለማስወጣትም አትሞክሪ፤ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ለሐኪምሽ ደውይና ቀስቅሺው። እኔን በሌሊት የቀሰቀሱኝ ሰዎች አሉ። እንኳን ቀሰቀሱኝ ነው የምለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ቂም አይደለም። ዳልቻ እናትሽን አልተበቀለም፤ ታሞ ነው።

የጻፍሽልኝ ሁሉ ሐኪሞች "ምክንያቱ በውል ያልተለየ የፊኛ ብግነት" የሚሉትን በሽታ ይመስላል። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ሆኖ ሽንታቸው ከሚያስቸግራቸው ድመቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሄ ነው ያለባቸው። የተወሰኑት ጠጠር ይገኝባቸዋል። ባክቴሪያ የሚገኝባቸው ግን በዚህ ዕድሜ በጣም ጥቂቶች ናቸው። ታዲያ አንቲባዮቲኩ እንዴት አዳነው ትዪኝ ይሆናል። አላዳነውም። ይህ በሽታ አንዴ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ በ5 እና በ7 ቀን መካከል በራሱ ይበርዳል። መርፌ ቢወጋም፣ ባይወጋም። አንቺ ዳልቻን ሐኪም ጋ የምትወስጂው ሕመሙ ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሚበርድባቸው ቀናት ናቸው። ምስጋናውን ግን መርፌው ይወስዳል።

ይህን የምልሽ ሐኪምሽን ለመውቀስ አይደለም። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ የእንስሳት ሐኪም ውሎው ከከብት፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ነው። ድመት የሚያመጣልን ሰው እየበዛ የመጣው በቅርብ ዓመታት ነው። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያለ ምርመራ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ መወጋት ይቁም። የማያስፈልግ መድኃኒት ባክቴሪያን እያለማመደ በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ ይሄ ለድመቱም ለእኛም ነው።

በሚቀጥለው ሲያመው የሽንት ምርመራ እንዲሠራለት ጠይቂ። የተለየ መሣሪያ አይፈልግም። ማይክሮስኮፕና የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሰው የተሠራው ወረቀት ላይ ነጭ የደም ሴል የሚያሳየው ቀለም በድመት ሽንት ላይ አይታመንም፤ ጤነኛውንም "ኢንፌክሽን አለበት" ያስብላል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ኤክስሬይ ወይም አልትራሳውንድ ከተገኘ ጠጠር መኖር አለመኖሩ ይለያል። ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ቅርብሽ ነው፤ ምን ሊያዩልሽ እንደሚችሉ ሄደሽ ጠይቂ።

ጠጠርም ባክቴሪያም ካልተገኘ የምንታገለው ከጭንቀት ጋር ነው። "የድመት ጭንቀት" ስል የሚስቁ ሰዎች አሉ። አያስቅም። እነዚህ ድመቶች ላይ የሚታይ፣ የሚለካ ነገር አለ። የፊኛቸውን የውስጥ ግድግዳ ከሽንት የሚከላከለው ስስ ሽፋን ሳስቷል። ሽንቱ በዚያ በሳሳው በኩል ነርቮቹን ሲነካቸው ቁስል ላይ ሎሚ እንደማፍሰስ ነው። የድንጋጤ ነርቮቻቸው ከሌሎቹ ድመቶች ይበልጥ ንቁ ናቸው። በአንጻሩ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች ድንጋጤን ለመቆጣጠር የሚለቁት ኮርቲሶል ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። አእምሮው አደጋ መጣ ሲል ፊኛው ይቆጣል። ፊኛው ሲያመው ደግሞ አእምሮው ይበልጥ ይጨነቃል።

ይህን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ቶኒ ባፊንግተን የሚባሉ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት አለ። ይህ በሽታ ያለባቸውን 20 ድመቶችና 12 ጤነኛ ድመቶችን ለ77 ሳምንታት ተከታተሉ። የምግብ ሰዓት ሲዛነፍ፣ የሚንከባከባቸው ሰው ሲቀየር፣ የለመዱት ነገር ሲቋረጥ ድመቶቹ ማስመለስ፣ ምግብ መተውና ከሳፋ ውጭ መሽናት ያበዙ ነበር። ጤነኞቹም ጭምር። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጤነኛዋ ድመት እንኳን ሰዓቷ ሲዛባ ከታመመች፣ ዳልቻ ምን ይሁን?

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ደግሞ ለአንቺ ይበልጥ ይጠቅምሻል። በሽታው ያለባቸው 46 ድመቶች ባለቤቶች ቤታቸውን ለድመቱ እንዲያመቻቹ ተመከሩ። ሳፋውን፣ ውሃውን፣ መደበቂያውን፣ ጨዋታውን፣ ከሌሎች ድመቶች ጋር ያለውን ግንኙነት። ለ10 ወር ክትትል ተደረገላቸው። የሽንት ሕመሙ በግልጽ ቀነሰ። ፍርሃታቸውም ቀነሰ። ዋናው መድኃኒት ቤቱ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ሕመሙ የጀመረው ቤት ስትቀይሩ ነው። የተመለሰው ሌላ ድመት ሲገባ ነው። ሳፋው ያለው ማሽን በሚጮኽበት ቦታ ነው። ሦስቱም አንቺው የጻፍሽው ነው። ዳልቻን ያወቅሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ያነበብኩልሽን ነው የምነግርሽ።

በሳፋው እንጀምር። አሁን ካለበት ይውጣ። ድመት ሽንቷን የምትሸናው ዙሪያዋን አይታ፣ ማምለጫ እንዳላት አውቃ ነው። ማሽኑ በድንገት ሲያጓራባት ዳግመኛ እዚያ አትሄድም። ዳልቻ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሳፋው ውስጥ ሆኖ ሲሸና አሞታል። በእሱ ዘንድ ያሳመመው ሳፋው ነው። ለስላሳና ጸጥ ያለ ቦታ ሲፈልግ የእናትሽን መስገጃ አገኘ።

ሁለት ድመት ካላችሁ ሦስት ሳፋ ያስፈልጋል። ሦስቱን አንድ ቦታ ብትደረድሪያቸው እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው፤ በተለያየ ክፍል አድርጊያቸው። ሰፋ ያለ ሳፋ ግዢ። የድመቱን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ልብስ የምናጥብበት ዝቅ ያለ ሳፋ ይሆናል። ከወንዝ የመጣ ደቃቅ አሸዋ ነፍተሽ ጨምሪበት። አመድ አታድርጊ፤ አመድ ሲረጥብ እግሩን ያቃጥለዋል። ሰጋቱራ የሚቀበሉ ድመቶች አሉ፣ የሚጠሉትም አሉ። አንዱን ሳፋ በአሸዋ፣ ሌላውን በሰጋቱራ ሞልተሽ ምርጫውን ለእሱ ተዪለት። በየቀኑ ጥረጊው። ምግቡን አጠገቡ አታስቀምጪ። በክረምት፣ የደሴ ዝናብና ጭጋግ ቀኑን ሙሉ በሚውልበት ጊዜ፣ ደጅ ወጥቶ ይሸናል ብለሽ አትተማመኚ። እስኪያባራ ይዞት ይውላል። መያዙ ደግሞ ለእሱ መጥፎ ነው።

ባትጠይቂኝም ስለ ቡና ጭስ ልጨምር። ወሎ ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ ማንም አይከለክልም፤ እኔም አልከለክልም። ግን የድመት አፍንጫ ከእኛ እጅግ ይበልጣል። ጭሱ በሚታፈንበት ክፍል ሳፋውም መኝታውም አይሁን። ሲጨስ በር ተከፍቶለት ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ይቻለው።

ስለ ሴቷ ድመት። ሰዎች "አይጣሉም፣ ተስማምተዋል" ይሉኛል። ድመት ብዙ ጊዜ የምትጣላው ሳትነካካ ነው። አንዷ በር ላይ ትጋደማለች፤ ሌላው ሊያልፍ ሲል ዓይኗን ትተክልበታለች። እሱ ይመለሳል። ሰው ያየው አንዲት ድመት በር ላይ ተኝታ ነው። ዳልቻ ግን ወደ ሳፋው ያለው መንገድ ተዘግቶበታል። ለአንድ ቀን ቁጭ ብለሽ እያቸው። ማን የት ይተኛል? ማን ለማን መንገድ ይለቃል? እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ እንደ አዲስ አስተዋውቂያቸው። ለየብቻ ክፍል ይኑሩ። የአንዷን መተኛ ጨርቅ ለሌላው ስጪ፤ ጠረኗን ይልመድ። ምግባቸውን በተዘጋ በር ግራና ቀኝ አድርጊላቸው። ከዚያ በሩ ገርበብ ይበል። ሳምንታት ይወስዳል። ወንድምሽን አስረጂው፤ ድመታቸው ጥፋተኛ አይደለችም፣ እሷም ቤት ቀይራለች።

ዳልቻ የራሱ ከፍታ ያስፈልገዋል። ቁምሳጥን አናት ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፊለት፤ መወጣጫ እንዲሆነው ወንበር አስጠጊ። አንድ ካርቶን ቀዳዳ አውጥተሽ ጥግ ላይ አድርጊ። ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ማንም አይነካውም። የወንድምሽ ልጆች ይህን ሕግ ይወቁ፦ ካርቶን ውስጥ ያለ ድመት አይጎተትም። ልጆች ሲነገራቸው ይገባቸዋል። እንዲያውም ጠባቂ አድርጊያቸው።

ሰዓቱን አታዛቢበት። ጠዋትም ማታም በለመደው ሰዓት ይብላ። ማታ የዶሮ ላባ በክር አስረሽ ለጥቂት ደቂቃ አሯሩጪው፣ ይያዘው፣ ከዚያ አብዪው። በዓል ሲመጣ፣ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ በግ ሲገባ፣ አንድ ክፍል ለእሱ ዝጊለት። ሳፋው፣ ውሃውና ካርቶኑ እዚያው ይሁን። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከዋዜማው በፊት።

ውሃ በብዛት እንዲጠጣ ማድረግ ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ነው። ሽንቱ ሲቀጥን የሚያቃጥለው ነገር ይቀንሳል፤ መዝጊያ የሚሆነው ክሪስታልም ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ላይ እርጥብ ምግብ ከሚበሉት ድመቶች በዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው 11 በመቶ ነበሩ። ደረቅ ከሚበሉት 39 በመቶ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ደረቅ ምግብ የምትሰጪው ከሆነ በሞቀ ውሃ አርሰሽ ስጪው። ሥጋ ቀቅለሽ የምትሰጪው ከሆነ መረቁንም ስጪው። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን አይግባበት። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ስለዚህ ወጥ ያረፈበት እንጀራ ለዳልቻ ቀርቷል።

ከሥጋ ቤት የሚመጣው ሳንባ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ልብ ጨምሪለት። ድመት ከሥጋ ካላገኘችው የማይሆንላት ታውሪን የሚባል ነገር ልብ ውስጥ በደንብ አለ። ጉበት በትንሹ ይሁን። የሐይቅ ዓሣ ሲገኝ ቀቅለሽ፣ አጥንቱን ለቅመሽ፣ አልፎ አልፎ ስጪው። ውሃውን ከምግቡ አርቀሽ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን አድርጊ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን ውስጥ የከረመ ውሃ ሽታ ይይዛል። እሱ ይሸተዋል። በየቀኑ ቀይሪለት።

አሁን ወደ እናትሽ መስገጃ። ድመቱን እንደማይጠሉት ጽፈሻል። በእስልምና ድመት ቤት ውስጥ ወጥታ የምትገባ ንጹሕ ፍጥረት መሆኗን እናትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው፤ መቸገራቸው እውነት ነው፣ ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪባቸው። ከሶላት በኋላ መስገጃው ተጠቅልሎ ከፍ ይበል። የተሸናበትን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ። ከዚያ በኦሞ ዘፍዝፊው፣ አለቅልቂውና ፀሐይ ይምታው። ወለሉ ላይ አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ መወልወል ትችያለሽ። በረኪና አትጠቀሚ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ለእናንተም ጥሩ አይደለም፣ ለእሱ ሽታው ራሱ ያስጨንቀዋል። የሚደጋግምበት ጥግ ላይ የምግብ ሳህኑን አስቀምጪ፤ የሚበላበት ቦታ ላይ መሽናት አይወድም።

አትምቱት። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አታሹት። እንዲህ የተደረገ ድመት የሚማረው እናንተን መፍራት ነው። ፍርሃቱ መልሶ ፊኛው ላይ ይወጣል።

አንድ ነገር ለይተሽ እዪልኝ፣ አልተኮላሸምና። ቆሞ፣ ጅራቱን አቁሞ እያንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ክልሉን እያመለከተ ነው። ቁጭ ብሎ፣ አምጦ፣ ትንሽ ጠብ የሚያደርግ ከሆነ ሕመሙ ነው። ማኮላሸት የመጀመሪያውን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ከደጅ ድመቶች ጋር መጣላቱንም ያበርደዋል። የፊኛውን ሕመም በራሱ አያድነውም። እንዲኮላሽ እመክርሻለሁ፤ ግን ሕመሙ በርዶለት፣ ቤቱ ረግቶለት ይሁን። ከዚያ በኋላ እንዳይወፍር ተጠንቀቂ፤ ውፍረት ለዚህ በሽታ ያጋልጣል።

ሕመሙ ሲነሳ የሚያስፈልገው ሕክምና የሕመም ማስታገሻ ነው። ይሄ ችላ ይባላል። ፊኛው የተቆጣ ድመት በጣም ያመዋል። ለድመት የሚሆነውን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከቤት የሚሰጥ አንድም ክኒን የለም። ቤቱ ሁሉ ተስተካክሎ ለወራት ካልተሻለው ጭንቀት የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። በየቀኑ የሚሰጡ፣ በድንገት የማይቋረጡ ናቸው። የምንጀምርባቸው አይደሉም።

ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የታመመበትን ቀን ምልክት አድርጊ። አጠገቡ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ የሆነውን ጻፊ። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ አንዲት ደንበኛዬ ይህን አድርጋ ነው የድመቷን ምክንያት ያገኘችው። ባለቤቷ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ድመቱ የሚታመመው እሱ ቤት ሲመጣ ነበር። ሰውየውን የሚፈራው መስሏት አዘነች፤ ሰውየውም ከፋው፣ ድመቱን ይወዳል። ነገሩ ሌላ ነበር። ባልየው መንገድ ሲደክመው ቀን ይተኛል፣ መኝታ ቤቱ ይዘጋል። ሳፋው ያለው መኝታ ቤት ነው። ሳፋው ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ድመቱ አሁን የሚተኛው ሰውየው እግር ሥር ነው።

ይድናል ወይ ብለሻል። አመሉ ከሰውነቱ አይወጣም። ዳልቻ ለለውጥ ስሜቱ ስስ ሆኖ ነው የሚኖረው። ግርሻው ግን ይራራቃል፤ ሲነሳም ይቀላል። ብዙዎቹ ላይ ዕድሜ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሳያማቸው የሚቆዩ አሉ።

ሰኞ ገበያ መልቀቁን በተመለከተ፣ እባክሽ አታድርጊው። ቤት መቀየር ያሳመመውን ድመት ገበያ መሃል መጣል መግደል ነው። አከራይሽን ያስጨነቃቸው ሽታው ይሆናል፤ ሳፋዎቹንና አጥበሽ ያደረቅሽውን አሳያቸው፣ ጊዜ ስጡኝ በያቸው። ሰሚ ሰው ይመስሉኛል፤ ተረት እየጠቀሱ የሚመክሩ ሰው ክፉ አይደሉም።

ጥያቄ

ዶክተር፣ እንደምን ነሽ ልጄ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ጡረተኛ ነኝ። ድመቴ 13 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ሽንቷን አልቆጣጠር አለች። ባየችበት ሁሉ ትሸናለች፣ ብዙ ነው የምትሸናው። ውሃ ስትጠጣ አትጠግብም። ከስታለች። ጎረቤት ግንባታ ስላለ ከዚያ ጩኸት የመጣ ጭንቀት ይሆን?

አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

አባቴ፣ ይህ የጭንቀት አይመስለኝም። በጭንቀት የታመመች ድመት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትሸናው። የእርስዎ ድመት ብዙ ትሸናለች፣ ብዙ ትጠጣለች፣ ከስታለች። በ13 ዓመት ዕድሜ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኩላሊትን፣ ስኳርንና የእንቅርት እጢን ነው። በዚህ ዕድሜ ባክቴሪያም ከወጣቶቹ ይልቅ ይገኛል። የሽንትና የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። እባክዎ ውሃውን አይቀንሱባት፤ ሽንት በዛ ብሎ ውሃ መከልከል ኩላሊቷ የደከመ ድመትን ይጎዳል። እስከዚያ አንድ ተጨማሪ ሳፋ መኝታዋ አጠገብ ያድርጉላት። ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን፤ መገጣጠሚያዋን ሊያማት ይችላል። ወደ ክሊኒክ ሲወስዷት ዘንቢል ውስጥ የራሷን ጨርቅ አንጥፈው ላዩን በነጠላ ይሸፍኑት። ሳታይ ስትሄድ ትረጋጋለች።

ጥያቄ

ዶክተር፣ ተማሪ ነኝ። ድመቴ ስትሸና ታለቅሳለች። ግማሽ ፓራሲታሞል ልስጣት? ጓደኛዬ ደግሞ ተልባ በማንኪያ አጠጫት ትለኛለች።

ከደሴ ፒያሳ

መልስ

ፓራሲታሞል በፍጹም። ሰው ጉበቱ ፓራሲታሞልን የሚያከሽፍበት መንገድ አለው፤ ድመት ይህ መንገድ የላትም ማለት ይቻላል። ግማሽ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ድድዋ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ ናቸው። ቀድመሽ ሰጥተሻት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ውሰጃትና ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሰጠሻት ንገሪው። ማርከሻው አሴቲልሲስቴን ነው፤ ለሰውም የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ ሐኪምሽ ሆስፒታል ወይም ትልቅ ፋርማሲ ሊጠይቅልሽ ይችላል።

ተልባውንም ተዪው። በማንኪያ ተገድዶ የተጋተ ነገር ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሴት ስለሆነች ቱቦዋ የመዘጋት ዕድሉ እንደ ወንዱ አይደለም፣ ግን እያለቀሰች ነው። ነገ ጠዋት ክፍል ከመግባትሽ በፊት ሐኪም ጋ አድርሻት። ከቻልሽ ንጹሕ፣ ባዶ ሳፋ ላይ የሸናችውን በመርፌ ስበሽ ይዘሽላት ሂጂ፤ ያስመረመርሽው ሽንት ትኩስ ሲሆን ነው የሚናገረው።